ሃዋርድን ከመሰለ የጥቁሮች የሕግ ትምህርት ቤት ወይስ ነጮች ከሚበዙበት?

አሜሪካ ውስጥ ሕግ ለመማር የሚያመለክቱ ጥቁር ተማሪዎች፣ የሐበሻ ልጆችም ጭምር፣ ይህን ጥያቄ ደጋግመው ያነሳሉ።

ወጪ፦ ከጥቁሮቹ ትምህርት ቤቶች እንደ ኖርዝ ካሮላይና ሴንትራል ያሉት የመንግሥት ስለሆኑ ለስቴቱ ነዋሪ ክፍያቸው ይቀንሳል፤ ሃዋርድ ግን የግል ነው። ነጮች የሚበዙባቸው ሀብታም ትምህርት ቤቶች ጠቀም ያለ ስኮላርሺፕ ሊሰጡ ይችላሉ። እዚህ ላይ ግን ደብዳቤውን በደንብ አንብቡ። "አማካይ ውጤት ከ3.0 በታች ከሆነ ይቋረጣል" የሚል ዓይነት ቅድመ ሁኔታ ካለበት ያሰጋል፤ በብዙ ትምህርት ቤቶች ውጤት የሚሰጠው ተማሪዎችን እርስ በርስ በማወዳደር ስለሆነ፣ ጠንክሮ ያጠናም ከመስመሩ በታች ሊወድቅ ይችላል። ስንት ተማሪ ስኮላርሺፑን እንዳጣ ትምህርት ቤቱ በየዓመቱ በሚያወጣው "509" ሪፖርት ላይ ታገኛላችሁ።

ማመልከቻ፦ ከ2023ቱ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ወዲህ ዘር ብቻውን ነጥብ አያስገኝም። ዘራችሁ በሕይወታችሁ ላይ ያመጣውን ግን በጽሑፋችሁ መግለጽ ትችላላችሁ፤ ስሜትን ሳይሆን ያደረጋችሁትን ጻፉ።

ስጋት፦ የሁለቱንም የጥብቅና ፈተና የመጀመሪያ ሙከራ ማለፊያ ከስቴቱ አማካይ ጋር አስተያዩ።

መስማማት፦ የመጀመሪያው ጥቁር የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ተርጉድ ማርሻል በ1933 የተመረቀበት ሃዋርድ በሲቪል መብት ሙግት የካበተ ታሪክ አለው፤ ብቸኝነትም አይሰማችሁም። ነጮች የሚበዙበትን ከመምረጣችሁ በፊት ደግሞ የዚያውን ትምህርት ቤት የጥቁር ሕግ ተማሪዎች ማኅበር አባላት አነጋግሩ።

የሲቪል መብት ሥራና ቅርብ መካሪ ለሚፈልግ የጥቁሮቹ ትምህርት ቤት ይሻላል። ቅድመ ሁኔታ የሌለው ሙሉ ስኮላርሺፕ ላገኘ፣ ወይም ሊሠራበት ባሰበው ከተማ ያለ ትምህርት ቤት ለተቀበለው፣ ነጮች የሚበዙበት።