ሊማና ፓራካስ ወይስ ሞንቴቪዴዎና ፑንታ ዴል ኤስቴ? ደቡብ አሜሪካን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚያይ ሰው

ደቡብ አሜሪካን ለመጀመሪያ ጊዜ ለማየት ገንዘብ የቆጠበ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚመኘው አንድ ዋና ከተማና በአውቶቡስ የሚደረስበት ባሕር ነው። በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለቱንም ለማየት የሚያመቹ ሁለት ምርጫዎችን ላወዳድር፤ አንዱ የፔሩ ዋና ከተማ ሊማ ከፓራካስ ጋር፣ ሌላው የኡራጓይ ዋና ከተማ ሞንቴቪዴዎ ከፑንታ ዴል ኤስቴ ጋር። ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ግን ባሕሩን የምትፈልጉት ለመዋኘት ይሁን ለማየት ወስኑ። ልጆች ይዞ አሸዋ ላይ ለመዋልና ለመዋኘት ኡራጓይ ይሻላል። ዓይንን ለማጥገብ ደግሞ ፔሩን የሚያህል የለም።

ወቅቱን በደንብ አስቡበት። ሁለቱም አገሮች ከምድር ወገብ በታች ስለሚገኙ በጋቸው የሚውለው በእኛ ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ነው። እኔ ሊማ የገባሁት በነሐሴ ነበር፤ በአምስት ቀን ውስጥ ፀሐይ ያየሁት ለአንድ ሰዓት እንኳ አይሆንም። ከደቡብ የሚመጣው ቀዝቃዛው የሁምቦልት የባሕር ሞገድ ዝናብ ይከለክላል፤ ከተማዋን ግን ለወራት በደመና ይሸፍናታል። የአገሬው ሰው ይህን ሰማይ «የአህያ ሆድ» ይለዋል፤ ቀና ብሎ ላየው ስሙ ልክ ነው። ልብስ አይደርቅም፣ ብርዱም እስከ አጥንት ይገባል። ስለዚህ ሊማን በጥር ወይም በየካቲት እዩ። ፑንታ ዴል ኤስቴ ግን በጥር በአርጀንቲናና በብራዚል ሀብታሞች ስለምትጥለቀለቅ የሆቴል ዋጋ አይቀመስም። ለእርሷ የሚመረጠው መጋቢት ነው፤ ባሕሩ ገና ሙቀቱን አልለቀቀም፣ ሰዉ ግን ወደ ቤቱ ተመልሷል።

ፑንታ ዴል ኤስቴ ከሞንቴቪዴዎ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ በአውቶቡስ የ2 ሰዓት መንገድ ነው። ወደ ባሕሩ ሾልኮ የገባው መሬት ሁለት ባሕር ዳርቻዎችን ይለያል። በአንድ በኩል «ማንሳ»፣ ማለትም ገራሟ፣ በሌላው በኩል «ብራቫ»፣ ማለትም ቁጡዋ። ሕፃናት የያዘ ሰው ወደ ገራሟ ይሂድ። በብራቫ በኩል ከአሸዋው ውስጥ አምስት ግዙፍ ጣቶች ብቅ ብለው ይታያሉ። የቺሌው ቀራፂ ማሪዮ ኢራራሳባል በ1982 የሠራቸው ናቸው፤ ፎቶ ለመነሳት ግን ወረፋ አለ።

ፓራካስ ሌላ ዓለም ነው። ከሊማ በስተደቡብ 260 ኪሎ ሜትር ያህል፣ በአውቶቡስ 4 ሰዓት ገደማ ከተጓዙ በኋላ ምንም ሣር የሌለበት በረሃ ባሕር ውስጥ ሲገባ ታያላችሁ። ጠዋት በፈጣን ጀልባ ወደ ባዬስታስ ደሴቶች ይኬዳል፤ ጉዞው ደርሶ መልስ 2 ሰዓት ያህል ይፈጃል። ደሴቶቹን ከማየታችሁ በፊት ሽታቸው ይቀበላችኋል፤ ድንጋዩ ሁሉ በወፍ ኩስ ነጭ ሆኗል። ይህ ኩስ ጓኖ ይባላል፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ለአውሮፓ እርሻዎች ማዳበሪያ ሆኖ እየተጫነ የፔሩ መንግሥት ዋና ገቢ ነበር። ጀልባው ሞተሩን ሲያጠፋ የባሕር አንበሶቹ ጩኸት ከዋሻው ውስጥ እያስተጋባ ይመጣል። ፔንግዊኖች በቋጥኙ ላይ በሰልፍ ይወርዳሉ፤ የመጀመሪያው ጫፍ ላይ ደርሶ ቆም ሲል የኋለኞቹ ሁሉ ይቆማሉ። ደሴቶቹ ላይ መውረድ የተከለከለ ነው፤ እንዲህ መሆኑም ደግ ነው። ውኃው ለመዋኘት ይቀዘቅዛል። ሆኖም ያን ሁሉ ወፍና ዓሣ የሚመግበው ይኸው ቅዝቃዜ ነው።

በምግብ በኩል ሊማ ያለ ጥርጥር ትበልጣለች። ሴቪቼ ጥሬ ዓሣ በሎሚ ጭማቂ፣ በቀይ ሽንኩርትና በሚያቃጥል ቃሪያ ተለውሶ ከስኳር ድንችና ከተቀቀለ በቆሎ ጋር የሚቀርብ ነው። ጥሬ ክትፎ ለለመደ ሰው የሚያስደነግጥ ነገር የለውም። ዓሣው የጠዋት ስለሆነ የሚበላው በምሳ ሰዓት ነው፤ ማታ አትፈልጉት። ድንች የአንዲስ ተራሮች ስጦታ ነው፣ የበርበሬያችን ዘርም የመጣው ከአሜሪካ አህጉር ነው። ይህን እያሰቡ በሊማ ገበያ መዘዋወር ለእኔ ልዩ ደስታ ነበር።

ሞንቴቪዴዎ የሥጋ ከተማ ናት። በወደብ አጠገብ ባለው በ1868 በተከፈተው የመርካዶ ዴል ፑዌርቶ አዳራሽ ውስጥ ሥጋ በእንጨት ፍም ላይ ሲጠበስ ጭሱ ልብስ ላይ ይቀራል። በመጋቢት ሂዱ ያልኩት ግን ከዐቢይ ጾም ጋር ይገጥማል። ለጿሚ የሚሆነው ከሽምብራ ዱቄት፣ ከውኃና ከዘይት የሚጋገረው «ፋይና» ነው፤ አይብ እንዳይጨመርበት አስቀድማችሁ ጠይቁ። ጿሚ በሊማ ሩዝ፣ ባቄላ፣ አቮካዶና ድንች ስለማያጣ ይቀለዋል።

የሞንቴቪዴዎ ውበት ራምብላ ነው፤ ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ በውኃው ዳር የሚዘልቅ መንገድ። ውኃው የላ ፕላታ ወንዝ ስለሆነ ቡናማ ነው፤ ሰማያዊ የጠበቀ ያዝናል። አመሻሹ ላይ ግን ከተማው ሁሉ ፔርሙስ በብብቱ ይዞ ይወጣል፣ ማቴ የሚባለውን ቅጠል በቅል በብረት ቀሰም እየተቀባበለ ይጠጣል። ከጋበዟችሁ አንድ ነገር አስታውሱ፤ «ግራሲያስ» (አመሰግናለሁ) ማለት በቃኝ ማለት ነው። በየስኒው ማመስገን የለመድን እኛ በመጀመሪያው ዙር ከክቡ እንወጣለን። ሊማም በሚራፍሎሬስ ሰፈር ከባሕሩ በላይ ባለው ገደል ላይ የሚያምር መናፈሻ አላት፣ ትራፊኳ ግን ያማርራል። በስልክ ስትነጋገሩ ወደ አስፋልቱ አትጠጉ፣ የሚነጥቁ አሉ።

ወጪን በተመለከተ ኡራጓይ ከአህጉሩ ውድ አገሮች አንዷ ናት፤ ፔሩ በአልጋም በምግብም በአውቶቡስም ትረክሳለች። ከአሜሪካ ለሚነሳም ሊማ ትቀርባለች፤ የአሜሪካ ፓስፖርት ላለው ጎብኚ ሁለቱም አገሮች ቪዛ አይጠይቁም። ከአዲስ አበባ ለሚነሳ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሳኦ ፓውሎና ቦነስ አይረስ ያደርሳል፤ ከሁለቱም ሞንቴቪዴዎ ቅርብ ናት። ከቦነስ አይረስ ወንዙን በመርከብ ለመሻገር ግን የአርጀንቲና ቪዛ ጉዳይ ስለሚነሳ ኤምባሲውን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ለመጀመሪያ ጉዞ እኔ የምመርጠው ሊማና ፓራካስን ነው፤ አራት ቀን ለከተማው፣ ሁለት ለባሕሩ። በተራራ ላይ ያሉትን የኢንካ ከተሞች ኩስኮንና ማቹ ፒቹን በዚያው ሳምንት ለመጨመር አትሞክሩ። በፓራካስ ከሰዓት በኋላ አሸዋ የሚያዘንብ ነፋስ ስለሚነሳ የጠዋቱን የመጀመሪያ ጀልባ ያዙ፤ ስትሳፈሩም በግራ በኩል ተቀመጡ፣ በአሸዋማው ኮረብታ ላይ የተቀረጸው ከ150 ሜትር የሚበልጠው ጥንታዊ የመቅረዝ ምስል በዚያ በኩል ነው የሚታየው።