ኒውፋውንድላንድ ወይስ በርኒዝ?

ሁለቱም ብርድ የማይበግራቸው፣ ለልጆች ገር የሆኑ ትልልቅ ውሾች ናቸው። ልዩነታቸው የሚታየው ቤት ሲገቡ ነው።

ኒውፋውንድላንድ በካናዳ ከዓሣ አጥማጆች ጋር መረብ ሲጎትት የኖረ ዋናተኛ ነው፤ በጣቶቹ መካከል የመዋኛ ቆዳ አለው። ወንዱ ከ59 እስከ 68 ኪሎ ይመዝናል። ውሃ ጠጥቶ ራሱን ሲያራግፍ ለሃጩ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፤ ስለዚህ ፎጣ ከእጃችሁ አይራቅ። የስዊዘርላንዱ በርኒዝ ግን ጋሪ ጎታች ነበር። ወንዱ ከ36 እስከ 52 ኪሎ ሲሆን ለሃጩም ያነሰ ነው። ደረጃ ላለው ቤት እሱን እንመርጣለን፤ ሲያረጅ ወይም ሲታመም 60 ኪሎ ተሸክሞ መውረድ ቀላል አይደለም።

ጸጉራቸው ድርብ ነው፤ ከላይኛው ሥር ሌላ የውስጥ ጸጉር አለ። በሳምንት 2 ወይም 3 ጊዜ እስከ ቆዳው ድረስ አበጥሩ፤ በተለይ ከጆሮ ጀርባና ብብት ሥር። ላዩን ብቻ ካበጠራችሁ የውስጡ ይቋጠርና እርጥበት ይዞ ቆዳውን ያቆስላል። በበጋ ሞቀው ብላችሁ አትላጩት፤ ጸጉሩ ከፀሐይም ይከላከልለታል።

ከባዱ ጉዳይ ዕድሜ ነው። በርኒዝ ብዙውን ጊዜ ከ7 እስከ 10 ዓመት ይኖራል፤ ካንሰር በጣም ያጠቃዋል። ኒውፋውንድላንድ ከ9 እስከ 10 ዓመት ይኖራል፤ ከልብ የሚወጣው የደም መንገድ መጥበብ በዘር ስለሚተላለፍ የወላጆቹን የልብ ምርመራ ውጤት በጽሑፍ ጠይቁ። የዳሌ መገጣጠሚያ ራጅ ለሁለቱም ያስፈልጋል።

ለቡችላው የትልልቅ ዝርያ ቡችሎች ምግብ ግዙለት፤ ካልሲየም አትጨምሩበት፣ አጥንቱ ተጣሞ ሊያድግ ይችላል።