ዊንዶውስ 11 ወይስ ሊኑክስ ሚንት?

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የምትኖሩና አሮጌ ላፕቶፕ ያላችሁ፣ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ቢያንስ 4 ጊጋ ራም፣ 64 ጊጋ ማከማቻና ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕ ይጠይቃል። ደህና የሚሠራውን ጥላችሁ አዲስ ግዙ ነው ነገሩ። ማይክሮሶፍቶች ለደኅንነታችሁ ነው ይላሉ፤ እኔ ግን ሙሉ በሙሉ አልዋጥልህ ብሎኛል።

ሊኑክስ ሚንት በዊንዶውስ ምትክ የሚጫን ነፃ ስርዓተ ክወና ነው። ኤክስኤፍሲኢ የተባለውን ቀላል ዓይነቱን 2 ጊጋ ራምም ያስነሳዋል፤ 4 ቢሆን ይሻላል። የታችኛውን ፓነል (ሜኑው ያለበትን አሞሌ) መቆለፊያ ከፍታችሁ ወደ ላይ ጎትቱት። አዶውን፣ ቀለሙን፣ ሜኑውን እንዳሻችሁ ቀያይሩ፤ ከልካይ የለም። ደስ የሚለኝ ግን ዝማኔው ነው። ካልፈቀዳችሁ አያወርድም። ዳታ በፓኬጅ ለሚገዛ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

አማርኛ መጻፊያም አለው፤ ፓወር ግዕዝ የለመደ ጣት ግን መጀመሪያ ይደናበራል። ለዊንዶውስ በተሠራው ፒችትሪ ሒሳብ የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ ዊንዶውስን አትልቀቁ።