ኤልኤም358 በቋሚ ከረንት ፓወር ሰፕላይ ውስጥ፦ ጭነት መኖሩን ለመለየት ይታመናል ወይ?

በገዛ እጁ ቋሚ ከረንት የሚሰጥ ፓወር ሰፕላይ የሚሠራ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያነሣው አይሲ (ቺፕ) ኤልኤም358 ነው። ባለ ስምንት እግሩ አይሲ ሁለት ኦፕ-አምፖችን (በሁለት መግቢያዎች መካከል ያለውን የቮልቴጅ ልዩነት የሚያጎሉ ማጉያዎችን) ይዟል፤ ከ3 እስከ 32 ቮልት ባለው ነጠላ አቅርቦት ይሠራል፤ መግቢያዎቹም እስከ ዜሮ ቮልት ድረስ ስለሚያነቡ ኔጌቲቭ አቅርቦት አይፈልግም። አንዱ ኦፕ-አምፕ ከረንቱን እየተቆጣጠረ፣ ትርፉ ደግሞ ጭነት መያያዝ አለመያያዙን በመብራት እንዲያሳውቅ ማድረግ ለማንም የሚመጣ ሐሳብ ነው።

በመጀመሪያው ሥራው ብዙ የምነቅፈው የለም። የሞስፌቱን (ከረንቱን የሚያሳልፈውን ትራንዚስተር) ጌት ማለትም መቆጣጠሪያ እግር በ100 ኦም ገደማ ሬዚስተር በኩል ከነዳ፣ ከሻንቱ (ከረንቱ ከሚለካበት አነስተኛ ሬዚስተር) ወደ ኢንቨርቲንግ (ገልባጭ) መግቢያው በሚመጣው መስመር ላይ አንድ ሬዚስተር፣ ከመውጫው ወደዚያው መግቢያ ደግሞ አነስተኛ ካፓሲተር ከተጨመረለት፣ ሳይወዛወዝ ይሠራል። ችግሩ ያለው በሁለተኛው ሥራው ላይ ነው።

በብዙ ንድፎች ላይ የሚታየው ዘዴ በሻንቱ ላይ ያለውን ቮልቴጅ ከአንድ ትንሽ የማነጻጸሪያ ቮልቴጅ ጋር ማወዳደር ነው። ይሁን እንጂ የዚህ አይሲ ኦፍሴት ቮልቴጅ (በሁለቱ መግቢያዎች መካከል ያለ የውስጥ ስሕተት) በዳታሺቱ (በአምራቹ የመረጃ ሰነድ) መሠረት እስከ 7 ሚሊቮልት ሊደርስ ስለሚችል፣ ሻንቱ 0.1 ኦም ከሆነ ስሕተቱ ከ70 ሚሊአምፔር ጋር እኩል ይሆናል። 20 ሚሊአምፔር የሚወስድ አንድ ኤልኢዲ በዚያ ሻንት ላይ የሚፈጥረው 2 ሚሊቮልት ብቻ ነው። በዚህ ምክንያት ጠቋሚው መብራት በአንዱ አይሲ ሁልጊዜ ይበራል፣ በሌላው ደግሞ ጨርሶ አይበራም፤ ሠሪውም ጤነኛውን ብየዳ ደጋግሞ ያፈርሳል። ጥፋቱን ለመለየት ጭነቱን ነቅሎ መልቲሜትሩን በቀጥታ በሻንቱ ሁለት እግሮች ላይ ማሳረፍ ይበቃል። ንባቡ ዜሮ ሆኖ መብራቱ «ጭነት አለ» ካለ ጥፋቱ በማነጻጸሪያው ክፍል ነው፤ ዜሮ ካልሆነ ግን በመውጫው ላይ የተያያዘ ቮልትሜትር ወይም ሌላ ሬዚስተር በእርግጥ ከረንት እየወሰደ ነው። ሻንቱን ወደ 1 ኦም ማሳደግ ስሕተቱን ወደ 7 ሚሊአምፔር ያወርደዋል፤ ነገር ግን በ2 አምፔር 4 ዋት ሙቀት ያስከፍላል።

ከዚህ የተሻለው የመቆጣጠሪያውን ኦፕ-አምፕ መውጫ ማንበብ ነው፤ ጭነት ሲነቀል በሻንቱ ከረንት ስለማያልፍ ኦፕ-አምፑ ጌቱን እስከሚችለው ጫፍ ድረስ ይገፋዋል። እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያሳስት ነገር አለ፤ ኤልኤም358 ከአቅርቦቱ 1.5 ቮልት ያህል ዝቅ ብሎ ስለሚቆም፣ በ12 ቮልት ሲሠራ ከ10.5 ብዙም አያልፍም። የማነጻጸሪያ ቮልቴጁን 11 ላይ ያስቀመጠ ሰው ጭነት መነቀሉን መቼም አያይም። በመደበኛ ሥራ ላይ የተለመደ ሞስፌት ጌት ከ3 እስከ 5 ቮልት አካባቢ ስለሚቆይ፣ 8 ቮልት በቂ ርቀት ይሰጣል። በማነጻጸሪያው መውጫና በኖንኢንቨርቲንግ (የማይገለብጠው) መግቢያው መካከል 1 ሜጋኦም፣ በመግቢያው መስመር ላይ ደግሞ 10 ኪሎኦም ማስገባት 0.1 ቮልት ያህል ሂስተሬሲስ (በመብሪያና በመጥፊያ ነጥቦቹ መካከል ያለ ክፍተት) ስለሚፈጥር የመብራቱን መርገብገብ ያስቆማል። ዘዴው ግን ፍጹም አይደለም፤ በ12 ቮልት አቅርቦት ላይ አራት ነጭ ኤልኢዲዎችን በተከታታይ ብናያይዝ ቮልቴጁ ስለማይበቃ፣ ጭነቱ እያለ «የለም» ሊል ይችላል።

ሌላው ጣጣ ጭነቱ ተመልሶ ሲያያዝ ነው። ጌቱ ከ10.5 ወደ 4 ቮልት እንዲወርድ፣ መውጫው በማይክሮሴኮንድ 0.3 ቮልት ብቻ ስለሚንቀሳቀስ፣ ቢያንስ 20 ማይክሮሴኮንድ ያህል ያልፋል፤ በዚያ ጊዜ ሞስፌቱ ሙሉ በሙሉ ክፍት ነው፣ ማለትም ከረንቱን አይገድብም። ይህንን ለማስቀረት ጭነት ሲጠፋ የከረንቱን ማዘዣ (የሚፈለገውን መጠን የሚወስነውን ቮልቴጅ) ወደ ዜሮ የሚያወርድ ሰው አዲስ በሽታ ይገጥመዋል፤ ማዘዣው ሲወርድ ጌቱም ይወርዳል፣ ማነጻጸሪያው ያንን «ጭነት መጣ» ብሎ ይተረጉመዋል፣ ሰርኪቱም ራሱን እየከፈተና እየዘጋ ይቀጥላል። ከዜሮ ይልቅ 5 ሚሊአምፔር የመፈተሻ ከረንት መተው ጥሩ መፍትሔ ይመስላል፤ ግን በ0.1 ኦም ላይ ይህ ግማሽ ሚሊቮልት ነው፣ ኦፍሴቱም ይውጠዋል።

እኔ የምመርጠው ሞስፌቱ በተዘጋበት (ከረንት በማያሳልፍበት) ጊዜ ድሬኑን፣ ማለትም ከጭነቱ ጋር የሚገናኘውን እግሩን፣ ማንበብ ነው። ጭነቱ በፖዘቲቩና በድሬኑ መካከል በሚያያዝበት ንድፍ፣ ከድሬኑ ወደ ግራውንድ ሁለት 100 ኪሎኦም ሬዚስተሮችን በተከታታይ አድርጎ መሃላቸውን ማንበብ ይቻላል። ጭነት ካለ እዚያ ላይ ጥቂት ቮልት ይታያል፣ ከሌለ ዜሮ አካባቢ ይሆናል፤ የ7 ሚሊቮልት ስሕተትም ትርጉም ያጣል። እንዲህ ሲያዝ ኤልኤም358 ሥራውን በሚገባ ይወጣል። የሚነበበው በሚሊቮልት ደረጃ እንዲሆን የግድ ከሆነ ግን ዲፕ (ረጃጅም እግር ያለው) ዓይነቱ በዚያው ሶኬት ላይ የሚገባውንና ኦፍሴቱ ከ1 ሚሊቮልት በታች የሆነውን ኤልቲ1013 መግዛት ይሻላል፤ ዋጋው ከፍ ያለ ነው፣ የሚያስተርፈው የፍለጋ ሰዓት ግን ያካክሰዋል።