«ራጅ ያነሳል» የተባለውን ስልክ እንዳትገዙ

ንዴቴ ሳይበርድ ልጻፈው። ደብረ ማርቆስ ውስጥ «አጥንት የሚያሳይ፣ ዕቃ ሳይከፈት ውስጡን የሚያይ ስልክ» እያሉ የሚሸጡ አሉ። ዓይነታቸውን ታውቁታላችሁ፦ በሩ ላይ የሚጮህ ድምፅ ማጉያ፣ መስታወቱ ላይ «ታላቅ ቅናሽ»፣ ውስጥ ደግሞ «ጋሼ ይግቡ፣ ይቀመጡ» የሚል ምላሱ የለሰለሰ ወጣት።

እኔ ቅቤ ነጋዴ ነኝ። ከቢቸናና ከሞጣ በኩል የሚመጣውን እረከባለሁ። መሃሉ ላይ ሙዝ የተሸጎጠበት ሲያጋጥም ኪሳራው የእኔ ነው፤ ሁሉንም በቢላዋ እየሰነጠቁ ማየት ደግሞ ባለቅቤዎቹን ያስቆጣል። ይህንን ስነግረው ወጣቱ ፊቱ በራ። «ለእርስዎ ሥራማ የተፈጠረ ነው! አደገኛ ስለሆነ ቻይና ውስጥ እንኳን አግደውታል» አለኝ። መዳፉን ከስልኩ ሥር ዘርግቶ ስልኩን ቀስ ብሎ ሲያዘነብለው የጣቶቹ አጥንት በስልኩ መስኮት ላይ እየተንሸራተተ መጣ። 14,000 ብር ቆጥሬ ሰጠሁት።

ቤት ገብቼ ቅቤው ላይ ብይዘው አምስት ጣት አሳየኝ። የጤፉ ጆንያ ላይ ብይዘው፣ አሁንም አምስት ጣት።

ተመልሼ ስሄድ ያው ወጣት ባንኮኒው ላይ ተደግፎ የራሱን ስልክ ይነካካል። አልተናገርኩም። ስልኩን ከባዶው የባንኮኒ መስታወት በላይ ያዝኩት፤ መስታወቱም አጥንት አወጣ። ልጁ ቀና እንኳን ሳይል «ታዲያ እጅ አሳየህ አይደል? እጅ ያሳያል ነው ያልኩህ» አለኝ። ከጎኑ የተቀመጠችው ሠራተኛ የምትጠጣው ሻይ ትን አላት። ገንዘቤን መልስ ስለው ደረሰኜን በጣቱ ወደ እኔ ገፋ አደረገው። «ራጅ የሚል የት አለ? አንብበው እስቲ። ማንበብ ትችላለህ?» የልጄ እኩያ ነው! ይህንኑ እያለኝ አንድ ሽማግሌ ከበሩ ብቅ አሉ፤ ልጁ ብድግ ብሎ «አባቴ ይግቡ፣ ይቀመጡ» አላቸው። እኔ ገና ፊቱ ቆሜያለሁ።

የእህቴ ልጅ ሆስፒታል ራጅ ክፍል ይሠራል። ስልኩን ሲያይ አልሳቀብኝም፣ እግዚአብሔር ይስጠው። ጀርመናዊው ሮንትገን ጨረሩን እ.ኤ.አ. በ1895 ካገኘው ወዲህ መሠረቱ ያው ነው አለኝ፦ በአንድ ወገን ጨረር የሚያመነጭ ቱቦ፣ በሌላው ወገን ጨረሩን የሚቀበል ሳህን፣ በሽተኛው መሃል። ቱቦው በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ቮልት ይፈልጋል። የስልክ ካሜራ ግን ጨረር አይልክም፤ የመጣለትን ብርሃን ብቻ ነው የሚቀበለው። ያየሁት አጥንት አስቀድሞ የተጫነ ሥዕል ነው፤ ስልኩ ሲዘነበል ሥዕሉ ይንሸራተታል፣ አለቀ።

«አግደውታል» የሚለው ወሬም ከእውነት የተቦጨቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ዋንፕላስ 8 ፕሮ የተባለው ስልክ አንዱ ካሜራው ኢንፍራሬድ የሚባለውን፣ ዓይን የማያየውን ብርሃን ያስገባ ስለነበር፣ በአንዳንድ ጥቁር ስስ ፕላስቲክ አልፎ ለምሳሌ የሪሞትን ውስጥ ያሳይ ነበር። ስለ ገመና ጩኸት ሲነሳ ኩባንያው ራሱ ቻይና ውስጥ ያንን አሠራር ዘጋው። አጥንት ግን ያኔም አላየም፤ በቅቤ ውስጥ ያለ ሙዝማ ከየት መጥቶ።

አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማችን የሚያሳስት ማስታወቂያ ይከለክላል፤ አቤቱታዬን ለንግድ ጽሕፈት ቤቱ አስገባለሁ። እናንተ ግን «ራጅ ያነሳል» የሚላችሁ ካለ፣ ብር ከመቁጠራችሁ በፊት ያንኑ ቃል ደረሰኙ ላይ እንዲጽፍ ጠይቁት። የእኔ ላይ ያለው «ስልክ 1» ብቻ ነው።