ለቡድን የሞተር ሥልጠና ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡ

«አድቫንስድ የሞተር ሥልጠና፣ ለቡድን በልዩ ዋጋ» የሚል ማስታወቂያ በየቴሌግራም ግሩፑ እየዞረ ነው። ዋሽንግተን ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ውስጥ ሞተር የምትነዱ ወገኖች፣ በተለይ ተሰብስባችሁ ለመማር ያሰባችሁ፣ ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት አንብቡልኝ። እኛ ከፍለናል። የከፈልንበትን ትምህርት ግን አላገኘንም።

ግሩፓችን ወደ አሥራ አምስት ሰው ነው። ኡበር የሚሠራ አለ፣ ነርስ አለች፣ አይቲ የሚሠራ አለ። ቅዳሜና እሑድ ሲሆን ሞተር አውጥተን አብረን እንነዳለን። ባለፈው ሰመር ስካይላይን ድራይቭ ሄድን። ቨርጂኒያ ባለው በሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ተራራ ተራራውን የሚሄድ 105 ማይል መንገድ ነው። የፍጥነት ወሰኑ በሰዓት 35 ማይል ነው፣ ግን ቀስ ብሎ የሚሄደውንም ይፈትናል። ኩርባው አያልቅም፣ አጋዘን ከጫካ ዘሎ መንገዱ ላይ ይገባል። አንዱ ጓደኛችን ኩርባ መሀል ደንግጦ ፍሬን ያዘና ከአስፋልቱ ወጣ። እግዚአብሔር አተረፈው። ያን ዕለት ማታ «መንጃ ፈቃድ ስናወጣ የተማርነው አይበቃንም፣ ከፍ ያለውን ተሰብስበን እንማር» ተባባልን። ሐሳቡ ዛሬም ትክክል ነው። ያጋጠመን ነገር ማንንም ከመማር እንዲያስቀር አልፈልግም።

ምክንያቱም ጉዳዩ የሕይወት ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ብቻ አሜሪካ ውስጥ 6,218 ሞተረኞች በመንገድ አደጋ ሞተዋል። በ1981 ደግሞ የሳውዘርን ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲው ሃሪ ኸርት ሎስ አንጀለስ አካባቢ የደረሱ 900 የሞተር አደጋዎችን ከባልደረቦቹ ጋር አንድ በአንድ መርምሮ አንድ ጥናት አውጥቶ ነበር። በጥናቱ መሠረት፣ አደጋ ከደረሰባቸው ነጂዎች 92 በመቶው መደበኛ ሥልጠና ያልወሰዱ ናቸው። ወይ ራሳቸው ለምደውታል፣ ወይ ከቤተሰብና ከጓደኛ ተምረውታል። አደጋው ሲመጣ ለማምለጥ የሚኖረው ጊዜ በአብዛኛው ከ2 ሰከንድ በታች ነው። በዚያች ቅጽበት ብዙዎቹ የኋላውን ፍሬን አጥብቀው ረግጠው ጎማው ይንሸራተታል፣ የፊቱን ግን በቅጡ አይጠቀሙበትም። ዞር ብሎ ማምለጥማ ጭራሽ አልነበረም። ጥናቱ ያረጀ ቢሆንም ጓደኛችን ኩርባው ላይ ያደረገው ያንኑ ነው።

አሁን ገንዘባችንን ወደ ወሰደው አሰልጣኝ ልሂድ። በሰው በሰው ነው የመጣው። የአንዱ ጓደኛችን ዘመድ አስተዋወቀን። የሀገር ልጅ ነው፣ አነጋገሩ ደስ ይላል፣ ስለ ሞተር ሲያወራ የሚያውቅ ይመስላል። በነፍስ ወከፍ 240 ዶላር አለን። «ሙሉ ቀን ነው፣ የኤም ኤስ ኤፍ (የሞተር ደኅንነት ድርጅት) ካርድ ትወስዳላችሁ፣ በካርዱ ኢንሹራንሳችሁ ይቀንሳል፣ ሜዳው እንዳያመልጠን ግን ሙሉውን አሁን በዜል ላኩ» አለ። ዜል በስልክ ከባንክ ወደ ባንክ ገንዘብ መላኪያ ነው። ቀብድ ከፍለን የቀረውን በዕለቱ ብንሰጥስ ስንለው «ለወገን ብዬ ነው እንጂ ሌላ ግሩፕ እየጠበቀኝ ነው» አለ። ሰው ሁሉ ላከ። ደረሰኝ አልመጣም፣ ውል የሚባል ነገርም የለም።

በቀጠሮው ቀን ያገኘነው የተዘጋ ሱቅ ፓርኪንግ ሎት ነው። አስፋልቱ ተሰነጣጥቋል፣ ጠጠርና የፈሰሰ ዘይት አለበት፣ መሀል መሀሉ ላይ የመብራት ምሰሶና የሲሚንቶ ጠርዝ ቆሟል። አሰልጣኙ ራሱ ብቻ ነው። አሥራ አምስት ሞተር፣ አንድ አሰልጣኝ። አንዱ ዙር ሲነዳ ሌላው ፀሐይ ላይ ቆሞ ተራ ይጠብቃል። ጠባብ ቦታ ላይ መዞር ሲያለማምደን አንዲት እህታችን ወደቀች። የእጇ አንጓ ተጎዳ፣ የሞተሯ የፍሪሲዮን እጀታ ተሰበረ። የመጀመሪያ ርዳታ ሳጥን እንኳ አልነበረም። ብዙም ሳይቆይ የግቢው ጥበቃ መጥቶ «ማን ፈቀደላችሁ?» አለ። ለካ ማንም አልፈቀደም። ተባረርን።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነው እስካሁን የሚያናድደኝ። «ችግር የለም፣ መንገድ ላይ እንማራለን፣ ተከተሉኝ» ብሎ ሁላችንንም ይዞ ወጣ። ፊት ሆኖ ይነዳል። ከኋላ ያሉት አዳዲሶቹ እንዳይጠፉ ሲሉ ከአቅማቸው በላይ ፈጠኑ። ማንም ስህተታቸውን አያይም፣ ማንም አያርምም። ትምህርት ሊባል አይችልም። የሞተ ሰው አለመኖሩ የእሱ ጥንቃቄ ውጤት አይደለም።

በመጨረሻም «ሰርተፍኬት» ተብሎ በቤት ፕሪንተር የታተመ ወረቀት ተሰጠን። ኢንሹራንሶቻችን ጋ ስንደውል የማይታወቅ ወረቀት ነው ተባልን። ገንዘባችንን ስንጠይቅ «ለሜዳ ኪራይ ወጥቷል» አለ። የትኛው ሜዳ? ከዚያ በኋላ ስልክ አያነሳም። ለወደቀችው እህታችን ደግሞ ያስፈረማትን «ብጎዳ አልከስም» የሚል ወረቀት ይዞ «ፈርመሻል እኮ» የሚል መልእክት ላከላት።

ገንዘቡ ያናድዳል፣ ግን ከገንዘቡ የባሰው ሌላ ነው። ከመካከላችን ሁለት ልጆች «አድቫንስድ ወስጃለሁ» ብለው በሚቀጥለው ሳምንት ከበፊቱ ፈጥነው መንዳት ጀመሩ። ያልተማረ ሰው ቢያንስ እንዳልተማረ ያውቃል። እነዚህ ልጆች የተማሩ መስሏቸዋል። ይህን ጽሁፍ እንድጽፍ ያስገደደኝ እነሱን ማየቴ ነው።

እንግዲህ ምን ትጠይቃላችሁ? መጀመሪያ የአሰልጣኙንና የማሠልጠኛውን ስም። ኤም ኤስ ኤፍ ማለት ሞተርሳይክል ሴፍቲ ፋውንዴሽን ነው፣ ከ1973 ጀምሮ ያለ ድርጅት ነው። ሥርዓተ ትምህርት ያዘጋጃል፣ አሰልጣኞችን አሰልጥኖ የምስክር ወረቀት ይሰጣል። «የኤም ኤስ ኤፍ ዓይነት ሥልጠና ነው» የሚላችሁ ሰውና የምስክር ወረቀት ያለው አሰልጣኝ አንድ አይደሉም። ወረቀቱን አሳየኝ በሉት። ያለው ሰው አይቆጣም። የመንጃ ፈቃድ ቢሮውን፣ ማለትም ቨርጂኒያ ከሆናችሁ የዲኤምቪን፣ ሜሪላንድ ከሆናችሁ የኤም ቪ ኤን ድረ ገጽ ክፈቱ። የፈቀዱላቸው ማሠልጠኛዎች ስም እዚያ አለ። ኤም ኤስ ኤፍም በራሱ ድረ ገጽ ዚፕ ኮድ አስገብታችሁ አቅራቢያችሁ ያለውን ክፍል እንድትፈልጉ ያደርጋል። ስሙ የትም ከሌለ ሌላ ጥያቄ አያስፈልግም።

ቀጥሎ የሰው ቁጥር። የተለመደው ልክ ሜዳ ላይ ለአንድ አሰልጣኝ 6 ተማሪ ነው። 12 ከሆናችሁ ሁለት አሰልጣኝ መኖር አለበት። ዋጋ ሲቀንስላችሁ መጀመሪያ የሚቀነሰው ይኸው ሁለተኛው አሰልጣኝ ነው። ስለዚህ «ስንት ብር?» ከማለታችሁ በፊት «ስንት አሰልጣኝ?» በሉ።

ሜዳውን ከቀኑ በፊት ሄዳችሁ እዩት። ለመነሻ ትምህርት እንኳ የተለመደው ሜዳ 120 በ220 ጫማ ነው፣ ዳር ዳሩም ፍሬን ላልያዘለት ሰው መውጫ ባዶ ቦታ ይኖረዋል። የቦታው ባለቤት የሰጠውን የጽሑፍ ፈቃድ ጠይቁ። ፈቃድ በሌለበት ቦታ የኢንሹራንስ ሽፋን ይኖራል ብላችሁ አትጠብቁ። የእናንተ የግል ኢንሹራንስም ውድድርንና የውድድር ሜዳን ብዙ ጊዜ አይሸፍንም። ዌስት ቨርጂኒያ ሰሚት ፖይንት ዓይነት የውድድር ሜዳ ላይ ለመማር ካሰባችሁ ቀድማችሁ ደውሉ። ስለ ቅናሹም እንደዚያው። የኮርሱን ሙሉ ስም ይዛችሁ ራሳችሁ ኢንሹራንሳችሁን ጠይቁ፣ በአስተማሪው ቃል አትመኑ።

ፊርማ ላይ ጥቂት ልቆይ፣ ሰው ሁሉ የሚፈራው እሱን ስለሆነ። «ብጎዳ አልከስም» የሚል ወረቀት በየትኛውም ሥልጠና ይመጣል፣ ደህናዎቹም ያስፈርማሉ። የቨርጂኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን በ1992 በሰጠው ውሳኔ፣ ለአካል ጉዳት አስቀድሞ የተፈረመ እንዲህ ያለ ወረቀት በሕግ አይጸናም ብሏል። ሜሪላንድ ውስጥ በአንጻሩ ፍርድ ቤቶች በአብዛኛው ያከብሩታል። እንግዲህ የት እንደምትማሩና ምን እንደምትፈርሙ እወቁ። ፈርመናል ብላችሁም ሳትጠይቁ አፋችሁን አትዝጉ።

አሁን ወደ ክፍያው። ዜል ለወንድምና ለእህት መላኪያ ነው። ራሳችሁ ፈቅዳችሁ ከላካችሁ ባንኩ አብዛኛውን ጊዜ አይመልስላችሁም። ክሬዲት ካርድ ግን በፌዴራል ሕግ መብት ይሰጣችኋል። የከፈላችሁበት ነገር በስምምነቱ መሠረት ካልቀረበላችሁ፣ ክፍያው የታየበት ስቴትመንት (ወርሃዊ የሂሳብ መግለጫ) ከተላከላችሁ በኋላ በ60 ቀን ውስጥ ለካርዱ ባንክ በጽሑፍ ማመልከት ትችላላችሁ። እዚህ ላይ ልብ በሉ። በየካቲት ከፍላችሁ ትምህርቱ በሰኔ ከሆነ 60 ቀኑ ትምህርቱን ሳታዩ ያልቃል። ስለዚህ ቀብዱ ትንሽ ይሁን፣ ዋናው ክፍያ ወደ ትምህርቱ ቀን ይጠጋ። ዝናብ ቢሆንስ? ሰው ቢጎድልስ? አሰልጣኝ ቢታመምስ? ገንዘቡ በስንት ቀን ይመለሳል? ይህ ሁሉ በጽሑፍ ይሁን። የግሩፑን ገንዘብ የሚይዝ ሰው ካላችሁም ሁሉም ሰው ስንት እንደከፈለ በጽሑፍ ይያዝ። ሲካሰሱ መጀመሪያ የሚጠየቀው እሱ ነው።

ደህናው ትምህርት ምን እንደሚመስል አንዱ አባላችን ነግሮናል። እሱ ወታደር ነው፣ የአሜሪካ ጦር ሞተር ለሚነዱ ወታደሮቹ ሥልጠና ግዴታ ስለሚያደርግ ካምፑ ውስጥ በነፃ ወስዶታል። ሙሉ ቀን ነው፣ በገዛ ሞተራችሁ ነው። ጠዋት ንግግር አለ፣ ከዚያ ሜዳ። ኩርባ ሳይገቡ ፍጥነት መቀነስ፣ አንገት አዙሮ መውጫውን ማየት፣ ወደ ቀኝ ለመዞር የመሪውን ቀኝ እጀታ ወደፊት መግፋት፣ ከዚያ ጋዙን በዝግታ መስጠት። የፊት ፍሬን የሞተሩን የማቆም ኃይል 70 በመቶ ያህል ስለሚሸከም፣ ሳይነጥቁ እየጨመሩ መጭመቅን ደጋግመው ያለማምዳሉ። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ፍሬን ከተያዘ በኋላ ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት አራት እጥፍ እንደሚሆን በቃል ብቻ አይነግሯችሁም፣ ሜዳው ላይ በኮን ለክታችሁ ታዩታላችሁ። ከእያንዳንዱ ልምምድ በኋላ አሰልጣኙ በስማችሁ ጠርቶ ምን እንደሳታችሁ ይነግራችኋል። ይህ የሌለው ሥልጠና ምንም ስም ቢሰጠው አትክፈሉበት።

በቡድን ማደራጀት የምትፈልጉ፣ በቀጥታ ወደ ተፈቀደላቸው ማሠልጠኛዎች ደውሉ። ብዙዎቹ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ወይም ሞተር መሸጫ ግቢ ውስጥ ናቸው። «12 ሆነን ብንመጣ ለኛ ብቻ ቀን ትከፍታላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። የብርዱ ወቅት ሳያልቅ ደውሉ፣ ሚያዝያና ግንቦት ቶሎ ይሞላል። አዲሱንና የቆየውን አንድ ላይ አትቀላቅሉ። የክላስ ኤም (የሞተር) መንጃ ፈቃድ፣ የሞተሩ ኢንሹራንስና ሬጅስትሬሽን፣ ሄልሜት፣ ጓንት፣ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ጫማ ሁሉም ይዞ እንዲመጣ አስቀድማችሁ አሳስቡ።

አስቀድማችሁ ለከፈላችሁ ደግሞ። በኛ ግሩፕ «የሀገር ልጅ አይካሰስም፣ በሽማግሌ እንጨርሰው» ያሉ ነበሩ። ሽምግልናን አከብራለሁ። ሽማግሌ ላኩ፣ ግን በክሬዲት ካርድ ለከፈለ ሰው 60 ቀኑ ሽማግሌ አይጠብቅም፣ ሁለቱንም አንድ ላይ አስኪዱ። መልእክቶቹን፣ የዜሉን ማረጋገጫ፣ የሜዳውን ፎቶ አስቀምጡ። ሜሪላንድም ቨርጂኒያም የጠቅላይ ዓቃቤ ሕጉ ቢሮ የሸማቾች ጥበቃ ክፍል አለው፣ አቤቱታ መላክ ትችላላችሁ። ሜሪላንድ ውስጥ እስከ 5,000 ዶላር የሚደርስ ጉዳይ በስሞል ክሌም (የአነስተኛ ገንዘብ ክርክር) ችሎት ያለ ጠበቃ ይታያል። እያንዳንዱ ሰው የራሱን 240 ዶላር ይዞ መሄድ ይችላል።

እኛ አቤቱታችንን አስገብተናል። በዚህ ሰመር ለተመሳሳይ ሥልጠና በዜል ከፍላችሁ ሜዳ ያላያችሁ ካላችሁ፣ የከፈላችሁበትን ማስረጃ ይዛችሁ የራሳችሁን አቤቱታ አሁኑኑ አስገቡ።