ከእንጨቱ በፊት ቤታችንን ለለኩልን አናጺ

ይህ ጽሑፍ ምስጋናም ጥቆማም ነው፤ ምስጋናው ለአንድ አናጺ፣ ጥቆማው ደግሞ በጠባብ ቤት ውስጥ የሕፃን መመገቢያ ወንበር የት እንደሚያስቀምጡ ግራ ለገባቸው የጅማ ወላጆች ነው። የባለሙያውን ስም በአደባባይ አልጽፍም። «ሥራዬን ያየ ሰው ቢጠይቅሽ ንገሪው፤ ስሜን ግን አትለጥፊው» ስላሉኝ ቃላቸውን አክብሬ እዚህ የምጠራቸው «ጋሼ» ብዬ ብቻ ነው።

እኔ፣ ባለቤቴ፣ እናቴና አሁን 9 ወር የሞላት ልጃችን የምንኖረው ሄርማታ አካባቢ ነው። ቤታችን 3 በ4 ሜትር የሆነች አንድ ክፍልና ከኋላዋ የተቀጠለች ጠባብ ማብሰያ ናት። በዚህች ክፍል ውስጥ አልጋ፣ የእናቴ ፍራሽ፣ ቡፌ፣ ገጹ መስታወት የሆነ ዝቅተኛ ጠረጴዛ፣ ሁለት የፕላስቲክ ወንበሮችና የእናቴ በርጩማ አሉ፤ ቡናም የሚፈላው እዚያው በሩ አጠገብ ነበር። ልጃችን 6 ወር ሲሞላት ከጡት ወተት ጋር ተጨማሪ ምግብ እንድንጀምርላት በጤና ጣቢያ ተነገረን። ለገንፎው የሚሆነውን ምጥን እናቴ ቀደም ብላ አዘጋጅታ ስለነበር፣ አቮካዶና ሙዝም በጅማ ገበያ የሚታጣ ነገር ስላልሆነ፣ ምግቡ አላሳሰበንም። ያሳሰበን መቀመጫው ነበር፤ እኔ ሥራ በምውልባቸው ቀናት የምታበላት እናቴ ናት፣ እናቴን ደግሞ ጉልበቷን ያማታል፣ በአንድ እጇ የምትወራጭ ልጅ ይዛ በሌላው ማንኪያ ማንሣት ከብዷት ነበር።

መጀመሪያ የሞከርነው ከዘመድ የተዋስነውን፣ ረጅም እግር ያለውንና የሚታጠፈውን ወንበር ነበር። ወንበሩ በራሱ ክፉ አልነበረም፤ ማሰሪያው ደህና ነው፣ የምግብ ሰሌዳውም ወልቆ ይታጠባል። ነገር ግን እንዲህ ያለው ወንበር እንዳይገለበጥ ሲባል እግሮቹ ከመቀመጫው አልፈው ወደ ውጭ ስለሚዘረጉ፣ ሰፊ ሳሎን ውስጥ ቀጭን ይመስል የነበረው ዕቃ እኛ ቤት ሲገባ ከአልጋው እስከ ቡፌው ያለውን መተላለፊያ ዘጋው። አጥፎ ማስቀመጥ ይቻላል ቢባልም የታጠፈውን የሚያስደግፉበት ባዶ ግድግዳ ያስፈልጋል፤ እኛ ደግሞ ባዶ ግድግዳ የለንም። ባለቤቴ በሁለት ቀን ውስጥ ሦስት ጊዜ እግሩ ተጠልፎ ሊወድቅ ከደረሰ በኋላ ወንበሩን አመስግነን መለስነው።

ጋሼ ዘንድ የሄድኩት ከዚያ በኋላ፣ የአንድ ረጅም ወንበር ፎቶግራፍ በስልኬ ይዤ ነው። «ይህንኑ፣ ግን ትንሽ ጠበብ አድርገው ይሥሩልኝ» አልኳቸው። ፎቶግራፉን አይተው ስለ ወንበሩ አንድም ነገር ሳይናገሩ «ልጅቷ ሳትደገፍ ትቀመጣለች?» ብለው ጠየቁኝ። ያን ጊዜ ገና 6 ወር ከአንድ ሳምንቷ ነበር፤ አንገቷ ጸንቷል፣ ስትቀመጥ ግን ወደ ጎን ታዘነብል ነበር። ሰውነቷን መያዝ ያልቻለች ልጅ ወንበር ላይ ብትታሰር ወደ ፊት እንደምትደፋ፣ ጋደም አድርገው ቢያበሏትም ምግቡ ወደ ትንፋሽ መንገዷ ሊሄድባት እንደሚችል አስረድተውኝ፣ «እስክትጠና ድረስ እኔም እንጨት እመርጣለሁ፤ እስከዚያው ጭናችሁ ላይ ቀጥ አድርጋችሁ አብሏት» ብለው ሸኙኝ። ለመክፈል ተዘጋጅቶ የመጣን ሰው «ገና ነው» ብሎ የሚመልስ ባለሙያ ሲገጥመኝ የመጀመሪያዬ ነበር።

ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ በሰኔ መጨረሻ አንድ እሑድ፣ ቤታችን መጡ። ይዘውት የመጡት ሜትር፣ እርሳስና አንድ ጥቅል ሲባጎ ብቻ ነበር። እናቴ ቡና አፍልታ ስለነበር «ይቀመጡ፣ አንድ ስኒ ይጠጡ» አለቻቸው፤ እሳቸው ግን እንደቆሙ ረከቦቱንና የከሰል ምድጃውን አይተው «እማማ፣ ቡናው ሁልጊዜ የሚፈላው እዚህ ነው?» አሉ። ጅማ ተወልዶ ላደገ ሰው ይህ ምን የሚሉት ጥያቄ ነው ብዬ በልቤ ሳቅሁ። ጥያቄው ግን ለልኬቱ ነበር። ልጅቷ እጇን ወደ ፊት ስትዘረጋ የት እንደምትደርስ በሲባጎ ለኩ፣ ወንበሩ ሊቀመጥበት ከሚችለው ቦታ እስከ ጀበናው ያለውንም ለኩ፤ ከዚያም ዝቅ ያለ ወንበር ብትወድቅ እንኳ ጉዳቱን እንደሚቀንስ፣ በአንጻሩ ግን የልጅቷን እጅ ከከሰሉና ከጀበናው ጋር እኩል እንደሚያደርገው ነገሩን። በዚህ ምክንያት ወንበሩ ገና እንጨት ሳይቆረጥለት ቦታው ተወሰነ። በአልጋው ራስጌ በኩል ባለው ጥግ፣ ጀርባው ወደ ግድግዳው ዞሮ እንዲቀመጥ ሆነ፤ ፊት ለፊቷ በእግሯ የምትገፋው ጠረጴዛ ወይም ግድግዳ ካለ ከነወንበሯ ወደ ኋላ ልትገለበጥ ትችላለችና። ምድጃውና ረከቦቱ ደግሞ ወደ በረንዳ ወጡ። እናቴ በዚህ ውሳኔ ብዙም አልተደሰተችም፤ ቡናዋን ግን እስከ ዛሬ በረንዳ ላይ ታፈላለች።

ባለቤቴ ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ በሁለት ክንድ የሚነክሰውን፣ የራሱ እግር የሌለውን መቀመጫ ይመርጥ ነበር፤ የወለል ቦታ ስለማይወስድ ለጠባብ ቤት ከሁሉም የሚስማማው እሱ ይመስለዋል። ጋሼ አልተከራከሩትም። የጠረጴዛችንን ጠርዝ በአንድ እጃቸው ጫን ሲያደርጉት ማዶው ከመሬት ብድግ አለ። ይህ ዓይነቱ መቀመጫ የልጁን ክብደት በሙሉ የሚያሸክመው ጠርዙን ስለሆነ ከባድ፣ እግሮቹ በአራቱም ማዕዘን የቆሙና ገጹ መስታወት ያልሆነ ጠረጴዛ ይፈልጋል፤ መሐል የገባ የጠረጴዛ ልብስ እንኳ ሊያንሸራትተው ይችላል። በትልቅ ሰው ወንበር ላይ የሚታሰረው ከፍ ማድረጊያም ጠንካራ የእንጨት ወንበር ላለው ቤት ጥሩ ነው ብለው የእኛን የፕላስቲክ ወንበሮች ግን አንድ ጊዜ ነቅነቅ አድርገው ተዉአቸው።

እኔም በበኩሌ በጅማ አናጺ ፊት ያኮራኛል ብዬ ያሰብኩትን ሐሳብ አቀረብኩ። የጅማ በርጩማ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ በሦስት እግር የሚቆም፣ የከተማችን ስም የሚነሣበት ዕቃ ነው፤ ታዲያ ለእሱ ጀርባና ማሰሪያ ጨምሮ የልጅ ወንበር ማድረግ ለምን አይቻልም አልኳቸው። ጋሼ የእናቴን በርጩማ አንሥተው መሐል ወለሉ ላይ አስቀመጡና በጣታቸው እየገፉ አሳዩኝ። ሦስት እግር ያለው ነገር ወለሉ ጎርባጣ ቢሆንም አይወላገድም፣ ሦስቱም እግሮች ምንጊዜም መሬት ይነካሉና፤ በርጩማው በአፈር ወለል ላይ ተስማምቶት የኖረው ለዚህ ነው። ነገር ግን የተቀመጠው ሰው በሁለት እግሮች መካከል ወዳለው ክፍት ጎን ሲያዘነብል ከዚያ በኩል የሚደግፈው የለም። ትልቅ ሰው መሬቱን ረግጦ ራሱን ይመልሳል፤ እግሯ መሬት የማይደርስ፣ በዚያ ላይ የታሰረች ሕፃን ግን ምን ትረግጣለች? ስለዚህ የልጅቷ ወንበር አራት እግር ያለው፣ እግሮቹም ከመቀመጫው ጥቂት ወጣ ብለው የሚቆሙ እንዲሆን ተስማማን።

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያስገደደኝ ግን ቀጥለው ያደረጉት ነገር ነው። እናቴን በርጩማዋ ላይ እንድትቀመጥ ለመኗት፣ ማንኪያ እንደያዘች ሆና ክንዷን እንድታጥፍ ነገሯት፣ ከዚያም ከመሬት እስከ ክርኗ ለኩ። 46 ሳንቲሜትር ሆነ። ቀኑን ሙሉ የሚያበላው ሰው ክንዱን ማንጠልጠል ወይም ወገቡን ማጉበጥ የለበትም ብለው የምግብ ሰሌዳው ከመሬት 45 ሳንቲሜትር እንዲሆን ወሰኑ፤ ከሰሌዳው ወደ ታች የልጅቷን ልክ ቀንሰው የመቀመጫው ከፍታ 30 ሳንቲሜትር ሆነ። በአጭሩ የወንበሩን ቁመት የወሰነችው የምትቀመጥበት ልጅ ሳትሆን የምታበላት አያቷ ናት። እናቴ ነገሩ ሲገባት «ይህን ሁሉ ዘመን ወንበር ላይ ስቀመጥ በእኔ ልክ የተለካ የመጀመሪያው ይህ ነው፣ እሱም የሌላ ሰው ሆነ» ብላ ሁላችንንም አሳቀችን።

የቀረው ልኬት የልጅቷ ነበር። ከጀርባዋ እስከ ጉልበቷ መታጠፊያ፣ ከጉልበቷ እስከ ተረከዟ በሲባጎ ለኩ። መቀመጫው ከጭኗ የረዘመ እንደሆነ ጀርባዋ መደገፊያ አጥቶ ወደ ታች ትንሸራተታለች፤ እግሯም የሚያርፍበት ካጣ ሰውነቷን ለማጽናት ስትታገል ለምግቡ ትዕግሥት አይኖራትም። የእግር ማሳረፊያው በጎንና በጎን በተቦረቦሩ ሦስት ቦታዎች የሚሰካ ስለሆነ ልጅቷ ስታድግ ወደ ታች እየወረደ ይሄዳል። እንጨቱ ዋንዛ ነው፤ ሚስማር የለበትም፣ እርስ በርሱ ተሰክቶ በኮላ የተያዘ ነው፣ ጠርዙም ሁሉ ተላግቶ ክብ ሆኗል። የምግብ ሰሌዳው ባዶ ክፈፍ ሲሆን ከመርካቶ የገዛነው ትንሽ የማይዝግ ትሪ ውስጡ ገብቶ ከሥር በሁለት ተሽከርካሪ እንጨቶች ይቆለፋል። ገንፎው ሲፈስ ትሪውን ብቻ አውጥተን እናጥባለን፤ እንጨቱ ውኃ አይነካውም።

ማሰሪያውን በሚመለከት ጋሼ «ይህ የእኔ ሥራ አይደለም» ብለው ቦርሳ ወደሚሰፉ ሌላ ባለሙያ ላኩን፣ ምን እንዲሰፋ ግን በወረቀት ሥለው ሰጡን። ሁለት ማሰሪያ በትከሻ፣ ሁለት በወገብ፣ አንድ ደግሞ በእግሮቿ መካከል አልፈው አንድ ዘለበት ላይ ይገናኛሉ። ብዙ ሰው የምግብ ሰሌዳው ልጁን የሚይዝ ይመስለዋል፤ ሰሌዳው ምግብ እንጂ ልጅ እንደማይዝ፣ ማሰሪያ የሌላት ልጅ ከሥሩ ተንሸራትታ አንገቷ ሊያዝ እንደሚችል እኔም ያወቅሁት ያን ዕለት ነው። ከማሰሪያው በተጨማሪ በመቀመጫው ፊት መሐል ላይ አጭር የእንጨት ምሰሶ አቁመውበታል። ይህ ሁሉ ኖሮም ልጅቷን ወንበሩ ላይ ብቻዋን ትተናት አንወጣም።

ጉድለቱንም ልጻፍ፤ ይህን ሳልጽፍ ብቀር ጋሼ ራሳቸው የሚወዱት አይመስለኝም። ሁለት ሳምንት ብለው የቀጠሩን ሥራ አምስት ሳምንት ፈጀ። ዋንዛው በደንብ አልደረቀም ነበር፤ በጅማ ክረምት እንጨት ሲደርቅ መጠበቅ ምን እንደሆነ የምታውቁ ታውቃላችሁ። እርጥብ እንጨት ተሰክቶ ሲደርቅ ስለሚኮማተር መገጣጠሚያው ይላላል ብለው ሦስት ጊዜ መለሱኝ፤ በሦስተኛው ጊዜ ተቆጥቼ እንደነበር አልደብቅም። ቫርኒሹ ከተቀባ በኋላም ጠረኑ ፈጽሞ እስኪጠፋ ድረስ አልሰጡኝም። ወንበሩ ከባድም ነው፤ እናቴ ብቻዋን አታነሣውም፣ ትጎትተዋለች እንጂ። ዋጋው ገበያ ላይ ለረጅሙ ወንበር ከተጠየቅነው በጥቂቱ ብቻ ያነሰ ነበር፣ ትሪውንና ማሰሪያውን ለየብቻ ከፍለናል፤ ስለዚህ ርካሽ ፍለጋ የምትሄዱ እንዳትሳሳቱ።

ወንበሩን ካስረከቡን ከሁለት ሳምንት በኋላ ማንም ሳይጠራቸው መጥተው እያንዳንዱን መገጣጠሚያ ነቀነቁ። ክፈፉ ከትሪው ጋር በሚገናኝበት ጥግ ገንፎ እንደሚጠራቀም፣ ልጅቷም ትንሿን ጣቷን እዚያ ለማስገባት እንደምትሞክር ስነግራቸው ክፈፉን ይዘው ሄደው በማግስቱ ጥጉን ደፍነውና አለስልሰው መለሱት። ገንዘብ ልሰጣቸው ብል «የእኔ ስሕተት ነው» ብለው እምቢ አሉ።

አሁን ወንበሩ በአልጋው ራስጌ ጥግ 45 በ48 ሳንቲሜትር ቦታ ይዞ ይኖራል፤ ማታ ማታ የባለቤቴ ኮመዲኖ ሆኖ ስልኩና የውኃ ብርጭቆው ይቀመጡበታል። እናቴ በርጩማዋ ላይ፣ ልጅቷ ወንበሯ ላይ ሆነው ዓይን ለዓይን ስለሚተያዩ ልጅቷ ፊቷን ስታዞር ወይም አፏን ስትገጥም እናቴ መጥገቧን ወዲያው ታያለች። ጭኗ ላይ አድርጋ ታበላት በነበረ ጊዜ ይህን ምልክት ስለማታየው ማንኪያው ይቀጥል ነበር፣ ልጅቷም ታለቅስ ነበር። የመጀመሪያዋን ማንኪያ ግን ዛሬም ጭኗ ላይ አስቀምጣ ነው የምታጎርሳት፤ በዚህ ጉዳይ ማንም አልተናገራትም፣ ጋሼም ጭምር።

ጋሼን ማግኘት የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ፈቃዳቸውን ጠይቄ አገናኛችኋለሁ። በፎቶግራፍ ብቻ ትዕዛዝ እንደማይቀበሉ፣ ቤታችሁን ሳያዩ ዋጋ እንደማይናገሩ አስቀድማችሁ እወቁት። ሊመጡ ሲሉ ልጁን በብዛት የሚያበላው ሰው ቤት እንዲኖር አድርጉ፣ እንዳትጎዱ ደግሞ ቀጠሮውን በበጋ ያዙት።